ጓንቱና አቮካዶው፦ አራት ስም ተሰጥቶት የኖረው አንድ ሕመሜ

ይህን የምጽፈው ሙዝ ሲበላ ምላሱን ለሚያሳክከው፣ አቮካዶ በቀመሰ ቁጥር ሆዱን ለሚቆርጠው፣ ፊኛ ሲነፋ ከንፈሩ ለሚያብጥበት ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የላቴክስ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጎማ፣ ጓንት አጥልቆ ለሚውል የጤና ባለሙያ፣ የጽዳት፣ የውበት ሳሎንና የወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ጓንትና ፍራፍሬ የሚገናኙ ነገሮች አይመስሉም። እኔ ላይም ለዓመታት የተለያዩ መስለው ኖረዋል። የተገናኙ ዕለት ግን ሕይወቴን ለማጣት ጥቂት ነበር የቀረኝ።

የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ሆስፒታል ያን ጊዜ የምናጠልቃቸው ጓንቶች በሙሉ ከውስጥ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ላቴክስ ነበሩ። ዱቄቱ ከበቆሎ ስታርች የሚሠራ ሲሆን፣ የሚጨመረውም ጓንቱ እጅ ላይ በቀላሉ እንዲገባ ነው። ጠዋት አዲስ ካርቶን ተከፍቶ ሁሉም ሰው ጓንቱን እየመዘዘ ሲያጠልቅ ዱቄቱ በመብራቱ ሥር ሲበን በዓይን ይታያል።

የመጀመሪያው ምልክት በእጄ መጣ። በጣቶቼ መካከልና አንጓዬ ላይ፣ ልክ የጓንቱ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀይ እብጠት እብጠት ያለ ሽፍታ ይወጣል፤ ያሳክከኛል፤ ጓንቱን ካወለቅኩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። መጥፋቱ ሰውን ያዘናጋል። በዚያ ላይ በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሰው ሁሉ እጁ ይደርቃል፤ አልኮሉና ሳሙናው የማይጎዳው እጅ የለም። ስለዚህ የእኔም «የሳሙና አለርጂ» ተባለና ቫዝሊን እየቀባሁ ሥራዬን ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእጅ ቆዳ በጓንት የተነሳ የሚቆጣው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ተራ መድረቅና መሰንጠቅ ሲሆን ቀናት ይቆያል፤ አለርጂም አይደለም። ሁለተኛው ጎማው ሲመረት ለሚጨመሩ ኬሚካሎች የሚፈጠር አለርጂ ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ብቅ ይልና ቆዳውን ያቆስላል፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። ሦስተኛው በደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣውና እንደ ዕብድ አሳክኮ የሚጠፋው ነው። ይህኛው በጎማው ውስጥ ላሉ ፕሮቲኖች የሚሰጥ ምላሽ ነው፤ አደገኛውም እርሱ ነው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሽፍታው የሚወጣበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት መዝግቡ። ቫዝሊንን በሚመለከትም፣ ቅባት የላቴክስ ጓንትን ያበላሻል፤ ፕሮቲኑም በቀላሉ ወደ ቆዳ እንዲደርስ ሊያግዝ ይችላል። ጓንት ከማጥለቃችሁ በፊት ቅባት አትቀቡ።

ሁለተኛው ምልክት አፍንጫዬ ነበር። ሥራ ቦታ ስደርስ ማስነጠስ፣ ዓይኔን ማሳከክ፣ ንፍጥ። ቅዳሜና እሁድ ቤት ስውል ይተወኛል። በአገራችን አፍንጫው የሚያስቸግረው ሰው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላልና የእኔም ሳይነስ ተባለ። ሦስተኛው ሆዴ ነው። ሙዝ ከበላሁ ላንቃዬን ይበላኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ሆዴን ይቆርጠኛል። ይህ ደግሞ ጨጓራ ተባለ። ጨጓራ ለተባለ ሰው ጎረቤትም ባልደረባም የሚመክረው የታወቀ ነው፤ ፓፓያ ብዪ፣ አቮካዶ ሆድ ያለሰልሳል፣ ተልባ ጠጪ። ከልባቸው ነው የመከሩኝ። እኔ ግን ፓፓያውን በበላሁ ቁጥር ሕመሙ ይብሳል።

አራተኛው ለእህቴ ልጅ ልደት ፊኛ ስነፋ መጣ። ሦስት አራት ፊኛ እንደነፋሁ የላይኛው ከንፈሬ ተነፋፋ፣ አንዱ ዓይኔ ጠበበ። እናቴ ፊቴን አይታ፣ «ምች መትቶሻል፤ ፀሐይ ላይ ነው የዋልሽው» አለችና ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ጭማቂውን ፊቴ ላይ ቀባችኝ። በማግስቱ እብጠቱ ስለጠፋ ዳማከሴው አዳነኝ ብለን ተውነው። እንዲህ ዓይነት እብጠት በራሱ ጊዜ የሚጠፋ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ ምክንያቱን እንፈልግ ነበር።

ሳሙና፣ ሳይነስ፣ ጨጓራ፣ ምች። አራት ስም፣ ለአራቱም የየራሱ መድኃኒት፣ ግን አንድ ሕመም። አራቱን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ቀጥዬ የምነግራችሁ ነገር ባልደረሰ።

ዐቢይ ጾም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እህል ውኃ ሳልቀምስ ከጠዋት ጀምሮ በቀዶ ሕክምና ክፍል ዋልኩ። ራሴን ስላመመኝ ልክ ዘጠኝ ሲሆን ኢቡፕሮፌን ዋጥኩና ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ፈጠን ብለን ወደ ጁስ ቤት ሄድን። ስፕሪስ አዘዝኩ፤ ከታች ፓፓያ፣ ከላይ አቮካዶ፣ ሎሚ የተጨመቀበት። በባዶ ሆድ፣ በትልቅ ብርጭቆ፣ እስከ ግማሽ ድረስ አንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። ዛሬ ሳስበው ነገሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተገጣጥመው ነበር። ተፈጭቶ የሚጠጣ ፍራፍሬ ታኝኮ ከሚበላው ይልቅ ብዙ ሆኖ በፍጥነት ይገባል፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴም የምግብ አለርጂን እንደሚያባብሱ የታወቀ ነው። ቀኑን ሙሉ በጓንት ዱቄት ውስጥ መዋሌን ደግሞ ጨምሩበት።

መጀመሪያ መዳፌንና የእግሬን ውስጥ አሳከከኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ ውስጥ ጋለ። ምላሴ የሰው ምላስ መሰለኝ። ባልደረባዬን ልጠራት ስል ድምፄ ሻክሮ ወጣ። የጁስ ቤቱ ባለቤት መጾሜን ስታውቅ፣ «ስኳሯ ወርዶ ነው፤ እናቴ፣ ጨርሺው» ብላ ብርጭቆውን ወደ አፌ አቀረበችልኝ። ደግ ሴት ናት። እግዚአብሔር ይስጣትና ባልደረባዬ ብርጭቆውን መለሰችው፤ ታክሲ ጠርታም ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ።

ከታክሲው ወርጄ ቀጥ ብዬ ስቆም ዓለም ጨለመብኝ፤ ወደቅኩ። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ የተሰጡኝ የአለርጂ መርፌና ሃይድሮኮርቲዞን ነበሩ፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እየጠበቅን ሳለ ደረቴ ይበልጥ ተዘጋ። በዚያ በኩል ያልፍ የነበረ አንድ አንጋፋ የማደንዘዣ ባለሙያ ድምፄን ሰምቶ፣ «አድሬናሊን ወግታችኋታል?» ብሎ ጠየቀ። አልወጉኝም ነበር። ወዲያው ጭኔ ላይ ተወጋሁ። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ ይመታ ጀመር፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ጉሮሮዬም ተከፈተ። ያቺ መርፌ ናት ዛሬ ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። አለርጂ ወደ ትንፋሽ፣ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ራስ መሳት ከተሸጋገረ ስሙ አናፊላክሲስ ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒቱም አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ክኒንና ሃይድሮኮርቲዞን ተጨማሪዎች ናቸው፤ እነርሱን ሰጥቶ መጠበቅ ሰው ይገድላል። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ለልጅ በአንድ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊግራም፣ በጭን መሐል ከውጭ በኩል ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፤ ለውጥ ከሌለ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። በሽተኛው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ከከበደው ተደግፎ ይቀመጥ እንጂ አይቁም፣ አይራመድ። እኔ የወደቅኩት በመቆሜ ነው። ከተሻለው በኋላም ወዲያው ወደ ቤት አይሂድ፤ ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ ዙር ሊነሳ ይችላልና ሆስፒታል ቆይቶ ይታይ።

በማግስቱ ጠዋት ሕሙማንን ሊጎበኙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ካርዴን አገላብጠው አዩና የበላሁትን ሳይሆን ሥራዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ሲስተር፣ ጓንት ስታጠልቂ እጅሽን ያሳክክሻል?»

«አዎ ዶክተር።»

«ፊኛ ስትነፊስ ከንፈርሽ አብጦ ያውቃል?»

ፊኛውን ከየት አመጡት ብዬ ደነገጥኩ። እኔ ስለ አቮካዶ ልነግራቸው ስዘጋጅ እርሳቸው ስለ እናቴ ዳማከሴ የሚያውቁ መሰለኝ። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና አስረዱኝ። ነርስ ሆኜ ሳላውቀው የኖርኩትን ነገር ነው የነገሩኝ፤ በኋላም ራሴ ብዙ አነበብኩበት።

ላቴክስ የጎማ ዛፍ ሲቆረጥ የሚወጣ ወተት ነው። ዛፉ ይህን ወተት የሚያፈስሰው ቁስሉን ለመዝጋትና ተባይና ሻጋታን ለመከላከል ነው፤ ስለዚህ ወተቱ ውስጥ የመከላከያ ፕሮቲኖች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ሄቬይን ይባላል፤ 43 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ሥራውም የሻጋታ ገላ የተሠራበትን ካይቲን የሚባል ንጥረ ነገር መያዝ ነው። ሌሎች ተክሎችም ሻጋታ ጠላታቸው ነውና ተመሳሳይ መሣሪያ አበጅተዋል። አቮካዶ፣ ሙዝና አውሮፓውያን ጠብሰው የሚበሉት ቼስትነት የተባለው ፍሬ ካይቲኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፤ የዚህ ኢንዛይም አንዱ ጫፍ ከሄቬይን ጋር በጣም ይመሳሰላል።

የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ደግሞ አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል አለው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል በተለይ የሆድ ትላትልንና መሰል ጥገኛ ተሕዋስያንን ለመዋጋት የሚረዳ ነው። እኔ ለዓመታት የጓንቱን ፕሮቲን በቆዳዬ ስነካ፣ በዱቄቱም ስተነፍሰው፣ ሰውነቴ ሄቬይንን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይጂኢ ሠራበት። አይጂኢው ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ሌባን በኮቱ ብቻ የሚለይ ዘበኛ ያንኑ ዓይነት ኮት የለበሰውን ጎረቤት እንደሚደበድብ ሁሉ፣ የእኔም አይጂኢ የአቮካዶውን ፕሮቲን ሲያገኝ ጓንቱን ያገኘ መሰለው። ማስት ሴሎቹ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን በአንድ ጊዜ ለቀቁ። የደም ሥሮች ሰፉ፣ ፈሳሽ ወጣ፣ ቆዳ አበጠ፣ የአየር ቧንቧ ጠበበ፣ የደም ግፊት ወረደ። ስፕሪሱ ያደረገኝ ይህንን ነው።

ሕመሙ የላቴክስና ፍራፍሬ ሕመም ይባላል። ይህንን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ስፔን ውስጥ የላቴክስ አለርጂ ያለባቸው 25 ሕሙማን ሲመረመሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የፍራፍሬ አለርጂም ተገኝቶባቸው ነው። ዋነኞቹ ፍራፍሬዎች አቮካዶ፣ ቼስትነት፣ ሙዝ፣ ኪዊና ፓፓያ ነበሩ። ስፕሪሴ ውስጥ ከአምስቱ ሁለቱ ነበሩበት። የላቴክስ አለርጂ የተስፋፋውም ኤች አይ ቪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲመጣ የጤና ባለሙያ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሥራ ጓንት ማጥለቅ ግድ ስለሆነበት ነው። ራሳችንን ከአንዱ በሽታ ስንጠብቅ ሌላው በሌላ በር ገባ ማለት ነው፤ ጓንቱን መተው ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ዓይነቱን መለወጥ እንጂ።

ምርመራውን በሚመለከት የተማርኩትን ላካፍላችሁ። የቆዳ ምርመራ የሚባለው ትኩሱን ፍሬ በመርፌ ጫፍ ነክቶ ያንኑ መርፌ ክንድ ላይ ጫን ማድረግ ነው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ያለው እብጠት ከወጣ ሰውነት ያንን ነገር ያውቀዋል ማለት ነው። እኔ ላይ ሙዙ፣ አቮካዶውና ፓፓያው ወጡ፤ ማንጎውና ብርቱካኑ ዝም አሉ። ይህንን ቤታችሁ አትሞክሩት። አድሬናሊን ተቀድቶ በተጠባበቀበት፣ ሐኪም ባለበት ቦታ ብቻ ነው የሚሠራው። ከምርመራው በፊት አንድ ሳምንት ያህል የአለርጂ ክኒን መተው ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ውጤቱን ይሸፍነዋል።

«የአለርጂ ደም ምርመራ» ተብሎ ጠቅላላ አይጂኢ ብቻ ተለክቶ ከፍ ስላለ «ብዙ ነገር አይስማማህም» የተባለ ሰው ደግሞ አይደናገጥ። የሆድ ትላትል ጠቅላላ አይጂኢን በጣም ከፍ ያደርጋል፤ በአገራችን ደግሞ ትላትል ብርቅ አይደለም። የሚጠቅመው ለላቴክስ ወይም ለሙዝ ብቻ ተለይቶ የሚሠራው ምርመራ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሰውየው ታሪክ ጋር ካልተያያዘ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ምርመራው ላይ የወጣበትን ፍሬ ያለ ምንም ችግር የሚበላ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ፍሬውን የሚተውበት ምክንያት የለም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወራት ፍርሃት ነበሩ። ፍራፍሬ በሙሉ ተውኩ፣ ክብደቴ ቀነሰ፣ ሰው ቤት መብላት አቆምኩ። ሐኪሜ ይህንን ሲሰሙ ተቆጡኝ። የተከለከሉትን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው ሌላውን ያለ ስጋት ለመብላት ነው አሉኝ። ዛሬ ማንጎ፣ ብርቱካንና ዘይቱን እበላለሁ። የምተወው ሙዝ፣ አቮካዶና ፓፓያን ነው፤ ኪዊንም አልሞክረውም። አንዳንድ ሰው ጥሬ ድንች ሲልጥ እጁን ያሳክከዋል፤ ቲማቲምም እንዲሁ። እነርሱም የዚሁ ሕመም ዘመዶች ናቸውና ምልክቱ ካላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ከቤት ውጭ የሚያስቸግረው ራሱ ፍሬው ሳይሆን የተነካካው ዕቃ ነው። ጁስ ቤት ገብቶ ማንጎ ማዘዝ ዋስትና አይሆንም፤ ማሽኑ ከደቂቃ በፊት አቮካዶ ፈጭቶበት ይሆናል። እኔ ማንጎ የምጠጣው ቤቴ ነው። የፍራፍሬ ሰላጣ ውስጥ ሙዙን ለቅሞ አውጥቶ የቀረውን መብላትም አያዋጣም። ሴቶች ፀጉራችንን ለማለስለስ የምንቀባው አቮካዶም የሚረሳ አይደለም፤ ሳሎን ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚቀቡኝን ነገርና የሚያጠልቁትን ጓንት ነው።

የበሰለ ሙዝስ የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ካይቲኔዝ በሙቀት ይበላሻል፤ ስለዚህ ለአንዳንድ ሰው የበሰለው ላይጎዳ ይችላል። ነገር ግን በፍራፍሬ ውስጥ ሙቀት የማይበግራቸው ሌሎች ፕሮቲኖችም ስላሉ ጠብሶ ልሞክረው ማለት ከሐኪም ጋር የሚወሰን ነው። በሌላ በኩል ፍሬ እንዲበስል የሚያደርገው ኤቲሊን የተባለው ጋዝ ካይቲኔዝን እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። በእኛም አገር ከአርባ ምንጭ በጥሬው የሚመጣው ሙዝ ዝግ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ሲበስል ኖሯል፤ ሙዙን የሚያበስለውም ከጭሱ ጋር የሚወጣው ያው ጋዝ ነው። አንዱን ሙዝ በልቶ ምንም ያልሆነ ሰው በሌላው ሊታመም የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። «ባለፈው ምንም አላደረገኝም» የሚለው ማስረጃ የማይታመነውም ለዚህ ነው።

በዚህ መካከል የምሰማው ነገር ደግሞ «ሙዝ መከላከያን ይገነባል፤ እንዴት ይጎዳል?» የሚል ነው። የሙዝ ፕሮቲኖች የመከላከያ ሕዋሳትን የመቀስቀስ ኃይል እንዳላቸው እውነት ነው። ባንሌክ የሚባል የሙዝ ፕሮቲን በቫይረሶች ላይ ያለ ስኳር እየያዘ እንዳይራቡ ያግዳል፤ ግን ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳትም ከልክ በላይ ያስቆጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚመሩ ተመራማሪዎች ከፕሮቲኑ አንዲት አሚኖ አሲድ ለውጠው የማስቆጣቱን ባሕርይ ቀንሰው ቫይረስ የመከላከሉን ኃይል ማስቀረት ችለዋል። ይህ የላብራቶሪ ሥራ ነው፤ ሙዝ በልቶ ከቫይረስ መዳን ይቻላል ማለት አይደለም። ግን አንድ ፍሬ የሰውን መከላከያ ለመንካት የሚያስችል ጉልበት በውስጡ እንዳለ ያሳያል። ለአብዛኛው ሰው ሙዝ መልካም ምግብ ነው። ለእኔ አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ሥራዬ ላይ መመለስ ከባድ ነበር። ከላቴክስ ነፃ የሆነው የናይትራይል ጓንት ለእኔ ብቻ ተገዛልኝ፤ አፍንጫዬ ግን አልዳነም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባልደረቦቼ የሚያጠልቁት ባለ ዱቄት ጓንት የላቴክሱን ፕሮቲን ተሸክሞ በአየር ላይ ያንሳፍፋል። ለአለቆቼ ደጋግሜ አመለከትኩ። መልሱ ገንዘብ የለም ነበር። ጠባዬን ሳልቀይር፣ ሳልጣላም፣ ማስረጃ ይዤ ሄድኩ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1998 ባለ ዱቄት የላቴክስ ጓንትን ከሥራ ቦታ ስታስወጣ በጤና ባለሙያዎች ላይ የሚታየው የላቴክስ አለርጂ በግልጽ ቀንሷል፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ባለ ዱቄት የሕክምና ጓንትን ከልክላለች። በጀቱን የሚያስበው ክፍል ልቡ የተነካው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ዱቄቱ በሕሙማን ቁስል ውስጥ ገብቶ ሆድ ዕቃን እንደሚያጣብቅ ስንነግራቸው። በመጨረሻ ለሁሉም ዱቄት አልባ ጓንት መጣ፣ ለእኔ ናይትራይሉ ቀጠለ። ሳይነስ ተብሎ የኖረው ሕመሜ ያለ መድኃኒት ለቀቀኝ። በእናንተም መሥሪያ ቤት ይህንን የምትጠይቁ ከሆነ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ ሁሉ ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ አለርጂ አያስነሳም ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ብቻ አይታችሁም አትመኑ፤ «ላቴክስ አልባ» የሚል መኖሩን አረጋግጡ።

አድሬናሊንን በሚመለከት፣ ራስን ለመውጋት የተዘጋጀው ብዕር መሰል መርፌ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ ዋጋውም ይከብዳል። ሐኪሜ አምፑሉን፣ ሲሪንጁንና መጠኑ የተጻፈበትን ወረቀት በአንድ ትንሽ ቦርሳ እንድይዝ አደረጉኝ። ለባለቤቴም በብርቱካን ላይ መውጋት አስተማርኩት፤ አምፑል መስበሩ መጀመሪያ እጁን ያንቀጠቅጠው ነበር፣ አሁን ተለማምዷል። እናንተም እንዲህ ያለውን ነገር ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ይልመደው፤ በዚያች ሰዓት የራስ እጅ አይታዘዝም። አምፑሉን ከብርሃንና ከሙቀት ጠብቁ፤ የሚያበቃበትንም ቀን ተከታተሉ።

ልጄን የወለድኩት በቀዶ ሕክምና ነው። ከሁሉም ያስፈራኝ እርሱ ነበር፤ ምክንያቱም ሆድ ተከፍቶ በላቴክስ ጓንት ሲነካ ፕሮቲኑ በቀጥታ ወደ ደም ይደርሳልና። ከቀኑ ብዙ ቀደም ብዬ የቀዶ ሐኪሟን፣ የማደንዘዣ ባለሙያውንና የክፍሉን ኃላፊ አንድ ላይ አነጋገርኳቸው። ቀዶ ሕክምናዬ የቀኑ የመጀመሪያ ሆነ፤ ሌሊቱን አየሩ ስለሚጠራ። ጓንቶቹ በሙሉ ላቴክስ አልባ ሆኑ፣ የሽንት ቱቦው ሲሊኮን ሆነ፣ ክንድ ማሰሪያው ተለወጠ፣ ካርዴ ላይና በር ላይ በትልቁ ተጻፈ። ሁሉ ነገር በሰላም አለፈ። ለቀዶ ሕክምና ከመተኛታችሁ በፊት «አለርጂ አለሽ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ መድኃኒት ብቻ አትቁጠሩ፤ ሙዝና አቮካዶ ስትበሉ የምትሆኑትን፣ ፊኛና ጓንት የሚያደርግባችሁንም ተናገሩ። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይም፣ የማህፀን ምርመራ ላይም እንዲሁ። ኮንዶምም ከላቴክስ እንደሚሠራ አትርሱ፤ ከሌላ ነገር የተሠራም አለ።

አሁን ጊዜዬን በብዛት የምሰጠው ጀርባቸው ላይ የአከርካሪ ክፍተት ይዘው ለተወለዱ ልጆች እናቶች ነው። እነዚህ ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ ደጋግመው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፣ የሽንት ቱቦም በየቀኑ ይገባላቸዋል፤ ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ከማንም ይልቅ ለላቴክስ አለርጂ የተጋለጡ ናቸው። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ጀምሮ ከላቴክስ መጠበቅ ይገባቸዋል፤ ጠባቂዋም ብዙ ጊዜ እናትየዋ ናት። አንዷ እናት በቀደም፣ «እንግዲያው ሙዝ ልከልክለው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ልጁ ሙዝ በልቶ አፉ ዙሪያ ካልቀላ፣ ካላሳከከው፣ ካላስታወከው ይብላ። ፊኛውን ግን ከእጁ ውሰጂ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮሽም ቱቦው የሚሠራበትን ነገር ጠይቂ፣ ላቴክስ ከሆነ ሲሊኮን እንዲለውጡልሽ ንገሪያቸው። ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፤ ለነርሷ እንድታሳያትም።